ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀሽ ተመለሺ

የዚህ ወር ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ያገለገለ መኪና ናቸው። በተለይ ከፍ ከፍ ስለሚሉት፣ በደፈናው «ጂፕ» ስለምንላቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ብዙዎች የሚጠይቁትን ስለጠየቀች መልሷ ረዝሟል፤ የሌሎቹ አጠር ይላል።

ጥያቄ፦ ሰላም። ሰሚት አካባቢ ነው የምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን አንድ የ2004 ራቭ ፎር አግኝተናል፤ ባለ 2.0፣ አውቶማቲክ። ደላላው «የሴት መኪና ናት፣ ከቤት መሥሪያ ቤት ብቻ የተነዳች» ይላል። ጌጁ ላይ 118 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው ያለው። በዚህ ሳምንት ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ሰው ይወስዳታል ተብለናል። ስለ መኪና ምንም አላውቅም። ምን ምን ልይ? — ቸኩያለሁ፣ ከሰሚት

መልስ፦ እህቴ፣ ከመኪናዋ በፊት ስለዚያ «ሌላ ሰው» እናውራ። መኪና መጠገንና ለሰው ማየት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ሌላ ሰው የማይጠብቃት የምትሸጥ መኪና ገጥማኝ አታውቅም። ሰውየውን ግን እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። ቀብድ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጥተሽ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ብሩ ቀረ ማለት ነው፤ ሻጩ ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ የሚከፈለው መኪናዋ ታይታ ካለቀች በኋላ ነው። ሳትከፍሉ አታዩም ካሏችሁ በሰላም ተለያዩ።

መኪና እዚህ አገር በእርጅና እንደማይረክስ ታውቂያለሽ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። አሁን ገበያው ላይ ያለው ያው የድሮው ነው፤ እየተገላበጠ ይሸጣል። ዋጋው ይህን ያህል ከሆነ ሻጭ ቀለም ላይ የሚያወጣት ትንሽ ብር ብዙ ብር ታመጣለታለች። ስለዚህ ማንኛዋም መኪና ተኳኩላ ነው የምትቀርብሽ፤ አትደነቂላት።

ሰው መካኒክ ይዞ ይሄድና ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ያየዋል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምመክረው። የተበላሸ ሞተር ብር ካለሽ ይሠራል፤ እገዳ ያለበትን ሊብሬ ግን የትኛውም መካኒክ አያድነውም። ዋናውን ሊብሬ ጠይቂ። ኮፒ ካሳዩሽ ዋናው የት እንዳለ ጠይቂ፤ ባንክ ቤት ሊሆን ይችላል። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ሊብሬው አጠገብ አስቀምጠሽ አንብቢ። ቁጥሩ የተፋቀ ከመሰለ፣ ወይም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ፣ ሌላውን ማየት አያስፈልግሽም። ከዚያ ከባለቤቱ ጋር (ከደላላው ጋር አላልኩም) የመኪናዋ ፋይል ያለበት የትራንስፖርት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ እገዳ፣ ዕዳና ያልተከፈለ ቅጣት እንዳለባት አጣሩ። ቦሎዋ የዘንድሮ ነው? ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አላት? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ውልና ማስረጃ መጥታ ትፈርም። «እሷ ታውቃለች፣ ችግር የለም» የሚባለው በኋላ ነው ችግር የሚሆነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ 2004 ያልሽው በማን አቆጣጠር ነው? ሊብሬው ላይ የተጻፈው የተሠራችበት ዓመት በፈረንጅ ነው። በፈረንጅ 2004 ከሆነች ሁለተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ናት፤ በእኛ 2004 ከሆነች ግን በፈረንጅ 2011 ወይም 2012 ነው፣ ያቺ ሌላ ቅርጽ ያላት፣ ሌላ ዋጋ ያላት መኪና ናት። ደላላ ሁለቱን «ሳያውቅ» ሲያምታታ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ አሁን መኪናዋን እንይ። ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት። «እኛ ሳንመጣ እንዳታስነሷት» በሉ። ደርሰሽ ሰላም ካልሽ በኋላ የመጀመሪያ ሥራሽ መዳፍሽን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ሞቆ ከጠበቀሽ፣ አደራ፣ በትህትና ተመለሺና ሌላ ጠዋት ነይ። እውነቱን የሚናገረው የቀዘቀዘ ሞተር ነው። ካደረች በኋላ ስትነሳ ለመነሳት ካስቸገረች፣ ከተንኳኳች ወይም ካጨሰች በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው የምትይዣት፤ ከሞቀች በኋላ ሁሉም ዝም ይላል። ሰማያዊ ጭስ ካየሽ ዘይት እየበላች ነው። ነጭ ሆኖ የማያቋርጥ ጭስ ከሆነ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው (በብርዳም ጠዋት ትንሽ ታይቶ የሚጠፋ እንፋሎት አያስጨንቅሽ)። የዘይት ክዳኑን ፍቺና ከሥሩ እይው። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል መካኒክሽ ሳያጣራው አትለፊው።

እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ያን ጊዜ ገና ጀማሪ ነበርኩ። አንድ ቪታራ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እያካፋ አየሁ። ሞተሩ ሞቋል። «አሁን ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው» አለኝ ሰውየው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው እንዴት ይዋሻል፣ አመንኩ። እርጥብ መኪና ደግሞ ቀለሙ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው፣ ያብለጨልጫል። በማግስቱ ጠዋት ሳስነሳት ግቢው በጭስ ተሞላ፤ ጎረቤቴ ምን ተቃጠለ ብላ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። ፀሐይ ሲወጣ የግራዎቹ በሮች ከቀኞቹ ጋር እንደማይገጥሙ አየሁ። አንዱን በጣቴ ሳንኳኳው ድም አለ፣ እንደ ግድግዳ። ስቱኮ ነው፤ ከላሜራው ስቱኮው ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ በዝናብ መኪና አላይም።

ለዚህ መድኃኒቱ ፍሪጅሽ ላይ የተለጠፈችው ማግኔት ናት። በስስ ጨርቅ ጠቅልያትና በየበሩ፣ በየጎማው በላይ ባለው ላሜራ አስጠጊያት። ላሜራ ይይዛታል፣ ወፍራም ስቱኮ ይጥላታል። የበሮቹንና የኮፈኑን ቡሎኖች እይ፤ ቁልፍ የነካው ቡሎን ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይላጣል። ፊት ለፊቷ ተመትታ ከነበረ ከኮፈኑ ሥር ያለው ብረት የተበየደ፣ የተጣመመ ወይም ከሌላው የተለየ አዲስ ነው። አንድ በር መቀባቱ ወንጀል አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያልተጫረ መኪና ካየሽ እሱ ነው የሚያጠራጥረው። የሻንሲ መጣመም ግን ሌላ ነገር ነው።

ከጃፓን ቀኝ መሪ ሆነው ወጥተው ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ወደ እኛ ገብተዋል። አንዳንዱ በደንብ ይሠራል፣ አንዳንዱ አስፈሪ ነው። የዝናብ መጥረጊያውን አስነሺና እይው፦ ሾፌሩ ፊት ለፊት ያለውን ጥግ ሳይጠርግ ትቶ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ካስደሰተ መኪናዋ የተወለደችው ለቀኝ መሪ ነው። ዳሽቦርዱ የሚገጣጠምበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለውም ጠርጥሪ። እንዲህ ከሆነ መሪውን ዘንጉ ድረስ የሚያይ ሰው ካላየው አትግዢ።

ከዚህ በኋላ የምለው በፈረንጅ 2004 ናት ብዬ ነው። ጌጁን በተመለከተ። 118 ሺህን ከሃያ ዓመት በላይ ለሆናት መኪና ስታካፍዪው በዓመት 6 ሺህ አይሞላም። በቀን 16 ኪሎ ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። ከሰሚት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ጌጅ ማስመለስ ቀላል ነው፣ የፍሬን ፔዳል ጎማን ግን ማንም አያስታውሰውም። ተበልቶ ለስልሶ ከሆነ፣ የመሪው ቆዳ ከላይ ካብረቀረቀ፣ የሾፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ከተንኮታኮተ መኪናዋ ብዙ ሄዳለች። ሄዳ ደህና ከሆነች ችግር የለውም፤ እኔን የሚያናድደኝ ውሸቱ ነው፣ በጌጅ የዋሸ በምን አይዋሽም?

ባለ 2.0 ሞተሯ 1ኤዜድ የሚባለው ነው። ጎበዝ ሞተር ነው፣ ግን አንድ የታወቀ ሕመም አለበት። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከብሎኩ (ከዋናው አካሉ) ጋር የሚያጣብቁት ቡሎኖች፣ በተለይ በኋላ በኩል ያሉት፣ ብሎኩ አልሙኒየም ስለሆነ ጥርሱን እያስለቀቁ ይላላሉ። ከዚያ ውሃ በቀስታ ማንጠብጠብ ይጀምራል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ጥሩ ጋራዥ ጥርሱን አስፍቶ የብረት ቡሽ ይከትበታል። ሊሸጥ የቸኮለ ሰው ግን ራዲያተሩ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ጨምሮ ይሸኝሻል። ምን ታደርጊያለሽ? ከመነዳቷ በፊት የውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ላይ ውሃው እስከየት እንደደረሰ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። ነድታችሁ ስትመለሱ፣ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና እይው። መካኒክሽ ደግሞ በባትሪ መብራት ከሞተሩ ጀርባ፣ ከሾፌሩ ክፍል ጋር በሚለየው በኩል ነጭ ወይም ቀይ የደረቀ የውሃ ዱካ ይፈልግ።

መንዳቱን ቦሌ ላይ አታድርጉት፤ ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና አንበሳ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውሰዷት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ እንጦጦ ላይ ይብሳል። የደከመ ሞተር እዚያ ነው የሚጋለጠው። የሙቀት መርፌው ከመሃል ከፍ ካለ ቁሙ። ካምቢዮው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሸጋገር እንደ ርግጫ ካስደነገጠሽ ወይም ሞተሩ ጮሆ መኪናዋ ካልሄደች ቀላል ወጪ አይደለም፤ በዚህ ትውልድ፣ በተለይ በፈረንጅ ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩት ላይ፣ ካምቢዮውን የሚያዘው ኮምፒዩተር ሲበላሽ እንዲህ ያደርጋል። ስትወርዱ ፍሬኑን ሞክሩ፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፍሬን ዲስኩ ተጣሟል። ከዚያ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ ቀስ ብሎ መዞር ነው። ቀጭ ቀጭ ካለ የፊት አክስሉ አልቋል።

ቁልፉን ስትከፍቺ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክትና የኤርባግ ምልክት መብራት አለባቸው። ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። ከመጀመሪያውም ካልበሩ አምፖሉን አውልቀውታል፣ ችግሩን ሳይሆን መብራቱን ነው የጠገኑት። በኮምፒዩተርም አስነብቧት። ግን ኮዱን ጠዋት አጥፍተውት ሊሆን ስለሚችል ከእንጦጦ ስትመለሱ ነው የሚነበበው።

ጎማው ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ የተጻፉ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ጥሩ ሆኖ ያረጀ ጎማ ብዙ ነው። ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነች አራቱም ተመሳሳይ ልክ ይሁኑ፤ ሁለት ትልቅ ሁለት ትንሽ ጎማ ከሥር ያለውን ማርሽ ይፈጀዋል።

የመጨረሻው፣ ጋራዡን አንቺ ምረጪ። ደላላው «አንድ የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ» ካለሽ እውነቱን ነው፣ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ወደ ገጠር እርሻዬ የምመላለስበት መኪና እፈልጋለሁ። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት የወጣ የ2006 ፕራዶ፣ 3.0 ናፍጣ፣ አግኝቻለሁ። የድርጅት መኪና በደንብ የተያዘ ነው ይባላል። እውነት ነው? — የቡና ገበሬ

መልስ፦ ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። ድርጅቶች ሰርቪስ በጊዜው ያስደርጋሉ፤ መዝገቡንም ይይዛሉ፣ ይጠይቋቸው። ሌላው ግማሽ ግን መኪናው የሄደበት መንገድ ነው። የአዲስ አበባ ፕራዶና ቦረና ሲመላለስ የኖረ ፕራዶ እኩል 200 ሺህ ቢኖራቸውም እኩል አይደሉም። ጉድጓድ ላይ አስወጥተው ከሥር ያስዩት። ሻንሲው ላይ የተበየደ ቦታ፣ ስንጥቅ፣ ዝገት፤ የዲፈረንሺያሉ የዘይት ፍሳሽ። ኩሽኔታዎቹም ከተንጫጩ ዋጋ ያስቀንሱበታል።

ከሁሉ በፊት ግን ቀረጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከቀረጥ ነፃ የማስገባት መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። «እኛ እንጨርሰዋለን» የሚለውን አይስሙ። ተከፍሎ፣ ደረሰኙ ታይቶ፣ ታርጋው ተቀይሮ ነው ገንዘብዎ የሚወጣው።

ሞተሩ 1ኬዲ ነው። ጉልበታም ነው፣ ግን ኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ዋሽሮች ሲያልቁ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይጓጉላል፣ ከታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ ሞተሩ ያለ ዘይት ይሠራና ይነክሳል፣ መዞር ያቆማል። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አውርዶ ወንፊቱን ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሻጩ ካልፈቀደ ለምን እንደሆነ ይጠይቁት። ይህ ሞተር ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው በሰንሰለት ሳይሆን በቺንጊያ ነው። መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካላሳዩዎት እንዳልተቀየረ ቆጥረው ወጪውን ከዋጋው ላይ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጂፕ ብገዛስ? ቢዜድ ፎር ኤክስ ወይም አይዲ ፎር አይቻለሁ። የነዳጅ ሞተር የለውም፣ ታዲያ ምን ይታያል? — ከአያት

መልስ፦ ባትሪው ይታያል። ሌላው ሁሉ ተራ ነው። ሙሉ ቻርጅ አስደርገህ በምትመላለስበት መንገድ ንዳው፤ መቶኛው እንዴት እንደሚወርድ ጻፍ። የባትሪውን ጤና በመቶኛ የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ አስነብበው፤ «ስክሪኑ ሙሉ ነው ይላል» ማስረጃ አይደለም። ከዚያ ከሥር ግባ። ባትሪው ወለሉ ላይ ነው የተኛው፣ የእኛ ስፒድ ብሬከር ደግሞ አይምርም። የተቦጨቀ፣ ወደ ውስጥ የገባ ወይም የተበየደ ሽፋን ካየህ ተወው። ለቻይና ገበያ ከተሠሩት ከሆነ የቻርጅ ሶኬቱ የቻይና ዓይነት ነው፤ ቤትህ አጠገብ ያለው ጣቢያ ለእሱ የሚሆን መሰኪያ እንዳለው ሄደህ እይ። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ ትለምደዋለህ፣ ልጆችህ ያስተምሩሃል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አንድ ግራንድ ቪታራ እንድገዛለት ጠይቆኛል። ሻጩ «ስም ማዛወር ውጣ ውረድ ነው፣ በውክልና እሰጣችኋለሁ» ብሏል። ገንዘቡን ልላክ? — ታላቅ ወንድም

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትላክ፣ ቆይ። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ሆኖ ይቀጥላል። ዕዳ ቢኖርበት መኪናው ሊታገድ ይችላል፤ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ሰውየው ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ይሞታል፣ ከዚያ ከወራሾቹ ጋር ነው የምትጨቃጨቀው። ይባስ ብሎ ብዙ ጊዜ «ሻጩ» ራሱ ተወካይ ነው፣ እሱን የወከለውም ሌላ ተወካይ። አንድ ጊዜ የአንድ ደንበኛዬን መኪና ባለቤት ስንፈልግ አራተኛው ሰው ላይ ደርሰን ቶሮንቶ ሄዷል ተባልን።

አንተ ራስህ መፈረም ካለብህ ለወንድምህ ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ውክልና ላክለት፤ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ከዚያም ውልና ማስረጃ ይረጋገጣል፣ ያ ጤናማ ነው። መኪናው በወንድምህ ስም የሚገዛ ከሆነ ያም አያስፈልግም። ቪታራው መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ በፈረንጅ 2005 የመጣው ቅርጽ ሻንሲው ከአካሉ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ጠዋት ሲነሳ ከሞተሩ ፊት ለፊት ሰንሰለቱ ሲንጫጫ ከተሰማ ግን ያስቀይረው ወይም ይቀንስለት።

ለወንድምህ ዛሬውኑ ደውልለትና የሊብሬውን ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ የፊቱን ብቻ አይደለም። ስም የተዛወረበትና እገዳ የሚጻፍበት ገጽ ውስጥ ነው ያለው። ሻጩ ያንን ገጽ ለማሳየት ካመነታ ገንዘብህ ባለበት ይቆይ።